የሠራተኛው ደኅንነት ከሕንፃ አሠሪው ኮሚቴ ይጀምራል

(በላምበረት ለተሰበሰቡ የሰበካ ጉባኤና የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ አባላት የቀረበ ንግግር)





ከልማት ኮሚሽን የመጣ ሰው ሲናገር የሚጠበቀው ስለ ውኃ፣ ስለ ዘር፣ ስለ ችግኝ ወይም ስለ ገቢ ማስገኛ ሥራ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ግን ሕንፃዎቻችንን ስለሚሠሩት ሰዎች፣ ይልቁንም ስለሚያሠሯቸው ነው። አንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ሲያሳንጽ፣ የአብነት ትምህርት ቤት ሲያድስ፣ የሚከራይ ሱቅ ሲያቆም ወይም ጉድጓድ ሲያስቆፍር አሠሪ ይሆናል። አሠሪነት ደግሞ ከገንዘብ ያዥነት የሰፋ ኃላፊነት ነው።

ስብሰባችን በላምበረት መሆኑም ለነገሩ ይስማማል። ስሙ የላም በረትን ያስታውሳል፤ ዛሬ ግን ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ዓይን የሚያርፈው በፎቅ ላይ ነው። በጅምር ሕንፃ ፊት የባሕር ዛፍ አጠና በሚስማር እየተያያዘ ወደ ላይ ይወጣል፤ በላዩም ባሬላ የያዙ ወንዶችና ሴቶች ይመላለሳሉ። በመናኸሪያው በር ቆሞ ቀና የሚል መንገደኛ ይህን እንደ ተራ ነገር ያያል። ከልማድ ብዛት አደጋነቱ የማይታይ ሆኗል።

መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ግን ሁላችንም አየነው። በሰሜን ሸዋ፣ በምንጃር ሸንኮራ ወረዳ፣ በአረርቲ በግንባታ ላይ በነበረችው የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ምእመናን የእመቤታችንን ዓመታዊ በዓል ለማክበር ተሰብስበው ሳለ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ የእንጨቱ መወጣጫ ሰዎችን እንደ ያዘ ተደረመሰ። በወቅቱ እንደ ተገለጸው ቢያንስ 36 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ተጎዱ። የሞቱትን ነፍስ እግዚአብሔር ያሳርፍልን። የአደጋውን መንሥኤ መርምሮ ለመፍረድ ሥልጣኑም መረጃውም ያለው ሌላ አካል ነውና በማንም ላይ ቃል አንሰነዝርም። ነገር ግን ከዚያ ኀዘን አንድ ነገር ሳንማር ማለፍ አይገባንም። የተጎዱት በዕለቱ በሥራ ላይ የነበሩ ግንበኞች ሳይሆኑ ሊያከብሩ የመጡ ምእመናን ነበሩ። የሌላ ባለቤት ግንባታ በቆርቆሮ ይታጠራል፤ በበሩም ዘበኛ ይቆማል። የእኛ ግንባታ ግን ጸሎት ቤትም ነው። ምእመኑ ለመሳለም ይገባል፤ አረጋውያን በጥላው ያርፋሉ፤ ሕፃናት በአሸዋው ክምር ላይ ይጫወታሉ፤ ስለት ያስገባው ሰው ብሩ የት እንደ ደረሰ ለማየት ይወጣል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ የሥራ ቦታ ደኅንነት ማለት የሠራተኛው ብቻ ሳይሆን የደጀ ሰላሙም ደኅንነት ማለት ነው።

አደጋ በደረሰ ቁጥር በየአጥቢያው የሚሰማ ንግግር አለ። ቀኑ ደርሶ ነው ይባላል፤ ወይም የሚፈተን ነገር ነበረበት ይባላል። በማጽናናት ጊዜ የመጀመሪያው ቃል ቦታ ይኖረዋል፤ በኮሚቴ ስብሰባ ግን ቦታ የለውም። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 በሰሊሆም ግንብ ተደርምሶባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር፣ ከሌላው የባሱ በደለኞች ስለ ነበሩ ነው የሚለውን ግምት አልተቀበለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 ያለው ሕግ ደግሞ ለሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ የተጻፈ ይመስላል። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ መከታ ሳያደርግ ሰው ቢወድቅ የደሙ ዕዳ በቤቱ ላይ እንደሚሆን ያስጠነቅቃል። ሕጉ የሚናገረው ለማን እንደ ሆነ ልብ እንበል። በጣራው ላይ የሚሄደውን ሰው ተጠንቀቅ አላለውም፤ የተናገረው ለባለቤቱ ነው።

ታዲያ በአጥቢያ ሥራ ባለቤቱ ማን ነው? ግንበኛው በቀን ሒሳብ የተቀጠረ ነው። ባሬላ የምትሸከመው እኅታችን ዛሬ ካልሠራች ማታ የምታበስለው የላትም፤ ስለዚህ አንተ ውጣ፣ አንቺ ውጪ ሲባሉ እንጨቱ ቢያረገርግም ይወጣሉ። ፎርማኑ ሥራው በጊዜ ካላለቀ ወቀሳው በእርሱ ላይ እንደሚወርድ ያውቃል። ጊዜውን የሚወስነው፣ ገንዘቡን የሚፈቅደው፣ ሥራው ይቁም ቢል የሚሰማው ኮሚቴው ብቻ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ኮሚቴው ነው።

የአገሪቱ ሕግም ወደዚሁ ያመለክታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኞችን ጤንነትና ደኅንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን ሁሉ እንዲያደርግ ያዝዛል። ስለ ሥራው አደጋ በቂ መመሪያ መስጠት፣ የደኅንነት ሠራተኛ መመደብና ኮሚቴ ማቋቋም፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ ማቅረብ፣ የደረሰን አደጋ መመዝገብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅ ከግዴታዎቹ ውስጥ ናቸው። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 93 የሠራተኛውን ግዴታ ይናገራል፤ መሣሪያውን በአግባቡ መጠቀም፣ አደጋ የሚያመጣ ነገር ሲያይ መናገር ይገባዋል። ቅደም ተከተሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ያልቀረበለትን ሄልሜት አላደረግህም ብሎ ሠራተኛውን መውቀስ አይቻልምና። ሥራውን ለተቋራጭ ሰጥተናል የሚል ካለ፣ ውሉን ያዘጋጀውና የፈረመው ማን እንደ ሆነ ይመልከት። በውሉ ውስጥ ስለ ደኅንነት አንድ አንቀጽ ከሌለ፣ ተቋራጩ በዝቅተኛው ዋጋ ሲያሸንፍ ያንን ዋጋ ያስቀነሰው ነገር መከታው ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንድታደርጉ እንለምናለን። ወደየአጥቢያችሁ ስትመለሱ ያለፉትን ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ ግለጡ። ሥራው ምን ያህል ደረሰ የሚለውን ጥያቄ በየገጹ ታገኙታላችሁ። ገንዘቡ ምን ያህል ቀረ የሚለውንም እንዲሁ። በዚህ ወር የተጎዳ ሰው አለን፣ ለጥቂት የተረፈስ አለን የሚለውን ፈልጉ። ሰብሳቢው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ነገር ፎርማኑ በማግሥቱ በመጀመሪያ የሚጠነቀቅለት ነገር ነው። የደኅንነት ባህል የሚባለው ረጅም ቃል በተግባር ከዚህ አይርቅም።

በዚህ ነገር በዓለም ላይ ስሙ ከሚጠራ የሥራ መሪ አንዱ ፖል ኦኒል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 አልኮአ የተባለውን ታላቅ የአሜሪካ የአሉሚኒየም ኩባንያ መምራት ሲጀምር፣ ትርፍ እንዲነግራቸው ለሚጠብቁት ባለ አክሲዮኖች የነገራቸው ስለ ሠራተኞች ደኅንነት ነበር። ጥቂት ቆይቶ በአንድ ፋብሪካ አንድ ወጣት ሠራተኛ የቆመ ማሽን ለማስተካከል መከለያውን ተሻግሮ ገባ፤ ማሽኑ ሲነሣ መትቶ ገደለው። ሟቹ ራሱ አጥሩን ተሻገረ ብሎ ነገሩን መዝጋት ቀላል ነበር። ኦኒል ግን ኃላፊዎቹን ሰብስቦ ሞቱ በመጀመሪያ የእርሱ የራሱ፣ ቀጥሎም በየደረጃው ያሉት መሪዎች የአመራር ጉድለት መሆኑን ነገራቸው። በአመራር ዘመኑ በጉዳት ምክንያት የሚባክነው የሥራ ቀን መጠን ከ100 ሠራተኞች 1.86 ከነበረበት ወደ 0.2 ወረደ። ኩባንያውም አልከሰረም፤ ትርፉ አደገ። ይህን የምንጠቅሰው አጥቢያ እንደ ኩባንያ ይመራ ለማለት አይደለም። አንድ የብረት ነጋዴ ለሠራተኛው እንዲህ ካሰበ፣ ነፍስ በአደራ የተሰጠው ሰው ምን ያህል ሊያስብ እንደሚገባው ለማሳየት ነው።

አሁን ወደ እኛው ልዩ ፈተና እንምጣ። እርሱም በዓል ነው።

ለንግሡ ይድረስ፤ ለቅዳሴ ቤቱ ይድረስ፤ ብፁዕ አባታችን ለመባረክ የሚመጡበት ቀን ተቆርጧል፤ የጥሪ ወረቀቱ ታትሟል። እነዚህ ቃላት በምእመናን ዘንድ ደስታ ናቸው፤ በመወጣጫው ላይ ላለው ሰው ግን ጥድፊያ ናቸው። ጥድፊያ ማለት በመብራት ሌሊት መሥራት ነው፤ በዝናብ መውጣት ነው፤ ሦስት ቀን የሚፈጀውን ድጋፍ በአንድ ቀን ማቆም ነው። የአርማታ ጥንካሬ ተለክቶ የሚረጋገጠው በ28ኛው ቀን ነው፤ የሶሌታው ድጋፍ መቼ እንደሚነቀል የሚወስነውም መሐንዲሱ ነው። ጉልላቱ ለበዓሉ እንዲታይ ድጋፉ ቀድሞ ይነቀል የሚል አሳብ ሲነሣ፣ መሐንዲሱ በሌለበት የሚሰጥ ምላሽ ሁሉ በሰው ሕይወት መጫወት ነው። ስለዚህ የምረቃ ቀን መቁረጥ የደኅንነት ውሳኔ መሆኑን ኮሚቴዎቻችን እንዲቀበሉ እንፈልጋለን። ቀን ከመቆረጡ በፊት አማካሪው መሐንዲስ ይጠየቅ፤ መልሱም በጽሑፍ ይያዝ። ካልደረሰ በዓሉ በቀድሞው ቤት ወይም በድንኳን ይከበር። አባቶቻችን በዋሻና በዛፍ ጥላ ሥር ቀድሰዋል፤ ታቦቱም በየዓመቱ በጥምቀት በድንኳን ያድራል።

በዓሉ ሲደርስም ግንባታው መዘጋት አለበት። መዝጋት ስንል በድምፅ ማጉያ ማስታወቅ ብቻ ማለታችን አይደለም። ሕዝብ ሲበዛ ማስታወቂያ አይሰማም። የመወጣጫው የታችኛው መሰላልና የመጀመሪያዎቹ ጣውላዎች በዋዜማው ይነሡ፤ ያን ጊዜ ልውጣ የሚል ቢኖር እንኳ መውጫ አያገኝም። ዙሪያው በቆርቆሮ ወይም በጠንካራ ገመድ ይታጠር። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ሥርዓት ለማስከበር ሲመደቡ ከመካከላቸው ለዚሁ ብቻ የሚቆሙ ይኑሩ። ሥዕሉን ወይም ጣሪያውን ማየት ለሚፈልግ ለጋሽ ሌላ ቀን ይቀጠርለት፤ በሁለት በሦስት ሰው ሆኖ፣ ፎርማኑ እየመራው ይግባ። መወጣጫ የሚሠራው የተቆጠሩ ሠራተኞችንና የታወቀ ዕቃን እንዲሸከም ነው። እንደ ሰገነት የሚቆምበት ሕዝብ በስሌቱ ውስጥ የለም።

ስለ መወጣጫው ራሱ ጥቂት እንበል። ካህን አናጢ ባይሆንም ሊጠይቅ ይችላል፤ የሚጠይቀውን ካወቀ ደግሞ ይፈራል። የባሕር ዛፍ አጠና ርጥብ ሳለ ተቆርጦ ይቆማል፤ እየደረቀ ሲሄድ ይኮማተራል፤ ያን ጊዜ ሚስማሩም ማሰሪያውም ይላላል። በመስከረም ጠንካራ የነበረው በታኅሣሥ ልል ሊሆን ይችላል። እግሩ በርጥብ አፈር የተቀበረ እንደ ሆነ ከሥር ይበሰብሳል፤ ከላይ ግን ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ ከክረምቱ በኋላ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ፣ ሥራው ለሳምንታት ቆሞ ሲቀጥል ሁሉ በባለሙያ ይፈተሽ። አግድም የተጋደመ ማጠናከሪያ አለውን? ከግንቡ ጋር ታስሯልን? የሚረገጠው ጣውላ በሁለቱም ጫፍ ተይዟልን? በወገብ ልክ መከታ አለውን? አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ጥያቄ ነው። ሰብሳቢው በሳምንት አንድ ቀን፣ ራሱ ሄልሜት አድርጎ፣ እነዚህን እየጠየቀ ቢዞር ከብዙ ስብከት ይበልጣል። እርሱ ያለ ሄልሜት ከገባ ግን ያስገዛው ሄልሜት በመጋዘን ይቀራል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሚናገርን ሰው መስማት ነው። በባህላችን ታናሽ ታላቁን፣ ምእመን ካህኑን፣ የቀን ሠራተኛ አሠሪውን አያርምም። ይህ መከባበር መልካም ነው፤ በመወጣጫ ላይ ግን ሰው ይገድላል። አንድ ወጣት ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ቀርቦ መስቀል ተሳልሞ፣ «አባታችን፣ ያ በስተ ግራ ያለው ቋሚ ተሰንጥቋል፤ ፈራነው» ቢል መልሱ ምን ይሆናል? «አይዞህ ልጄ፣ ለእርሷ ቤት እየሠራህ ምን ትፈራለህ» የሚለው መልስ ከእምነት የወጣ ይመስላል። በዚያ ቃል ግን ወጣቱ ብቻ ሳይሆን ከእርሱ ጋር ያሉት ሁሉ ዳግመኛ እንዳይናገሩ አፋቸው ይዘጋል። «እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ፤ ሁሉም ይውረድ፣ ባለሙያው እስኪያየው አትውጡ፤ የዛሬው የቀን ክፍያችሁም አይቀነስም» የሚለው መልስ ደግሞ ለዓመታት ይወራል። የመጨረሻዋን ሐረግ ልብ በሉልን። ሥራ ሲቆም ክፍያው የሚቆም ከሆነ፣ ስንጥቁን ያየ ሰው ዝም ማለቱ አይቀርም።

ባለሙያ ተናግሮ አለመሰማቱ ምን እንደሚያደርስ ባንግላዴሽ አይታለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሚያዝያ 2013 ራና ፕላዛ በተባለው ባለ 8 ፎቅ ሕንፃ ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ታየ፤ ያየው መሐንዲስም አደገኛነቱን ተናገረ። ከታች የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን ወደ ቤታቸው ሰደደ። የልብስ ፋብሪካዎቹ ሠራተኞች ግን በማግሥቱ ግቡ ተባሉ፤ ገቡም። በዚያው ጠዋት ሕንፃው ወደቀ፤ ከ1,100 በላይ ሰዎች አለቁ። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ስንጥቅ ፊት፣ ሁለት ዓይነት አመራር ነበር።

በነጻ ጉልበታቸውን ስለሚሰጡትም መናገር ይገባናል። ምእመኑ በደቦ ድንጋይ ይሸከማል፣ አሸዋ ያቀርባል፤ ይህ የቤተ ክርስቲያናችን ሀብት ነው። ሆኖም በረከት ፈላጊ ሁሉ ወደ ላይ መውጣት የለበትም። ከፍታ ላይ የሚሠራው የለመደና የሠለጠነ ሰው ይሁን፤ አረጋውያንና ሕፃናት ከታችም ቢሆን ዕቃ ሊወድቅ ከሚችልበት ርቀው ይሥሩ። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ጿሚ በቀትር ፀሐይ በከፍታ ላይ ራሱ ሊዞርበት ይችላል። ጹም አትጹም የሚለው የንስሐ አባቱ ጉዳይ ነው፤ የሥራውን ሰዓት ማስተካከል ግን የኮሚቴው ነው። የከፍታው ሥራ ማለዳ ይሠራ፤ ከቀትር በኋላ የመሬቱ ይሁን። በፍልሰታ ደግሞ ጾሙ ከዝናቡ ጋር ይገጥማል።

ጉድጓድ ለሚያስቆፍሩ አጥቢያዎች ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለን። በእጅ በሚቆፈር ጉድጓድ ውስጥ የሚገድለው የግድግዳው መደርመስ ብቻ አይደለም፤ አየሩም ይገድላል። በቤንዚን ወይም በናፍጣ የሚሠራ የውኃ መሳቢያ ሞተር ፈጽሞ ወደ ጉድጓድ መውረድ የለበትም። ጭሱ የሚያመጣው መርዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ቆፋሪው ሳያውቀው ይወድቃል። ከዚያ የሚሆነው እጅግ ያሳዝናል፤ ወንድሙ ሊያወጣው ይወርዳል፣ እርሱም ይቀራል፤ ሦስተኛው ይከተላል። ስለዚህ ቆፋሪ ሲወርድ ገመድ በሰውነቱ ይታሰር፣ ከላይ የሚጠብቁና ሊስቡት የሚችሉ ሰዎች ይኑሩ፤ የወደቀን ሰው ለማውጣት ማንም እንዳይከተል አስቀድሞ ይነገር። ይህን አጥብቆ የሚናገረው የኮሚቴው ሰብሳቢ ይሁን፤ በጭንቅ ሰዓት የሚታዘዙት የሚያከብሩትን ሰው ነውና።

የገንዘቡ ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። ድሃ አጥቢያ ነን፣ ሄልሜትና ቀበቶ ከየት እናምጣ ትሉናላችሁ። ለመጋረጃ፣ ለምንጣፍ፣ ለመቅረዝ ስም እየተጠራ ሲለመን ምእመኑ ይሰጣል። በዚያው ዐውደ ምሕረት፣ ለ20 ግንበኞች ሄልሜትና ጫማ የሚገዛ ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ የሚሰጥ አይጠፋም፤ እስካሁን ስላልተለመነ ነው እንጂ። ይልቁንስ የግንባታው በጀት ሲዘጋጅ የደኅንነት ወጪ እንደ ሲሚንቶና እንደ ፌሮ ራሱን የቻለ መስመር ይኑረው። ገንዘብ ሲያጥር የሚቀነሰው የመጀመሪያው መስመር ይህ ከሆነ ግን መጀመሪያውኑ መጻፉ ጥቅም የለውም።

በመጨረሻም፣ አደጋ ቢደርስ ስለሚደረገው። የተጎዳውን በፍጥነት ወደ ሐኪም ማድረስ፣ ቦታውን ሳይነኩ መከለል፣ መመዝገብና ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ይገባል። የቤተ ክርስቲያን ስም እንዳይነሣ ተብሎ በሽምግልና የሚሸፈን አደጋ በሚቀጥለው ግንባታ ይደገማል። ሕጉ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ለሟች ቤተሰብ የሚሰጠው ካሳ ምጽዋት አይደለም፤ ዕዳ ነው። ማንም ሳይጎዳ የወደቀ ጣውላም ይመዝገብ። በአንድ ደብተር፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ምን እንደ ወደቀና ማን እንዳየው በሁለት መስመር መጻፍ ይበቃል። ደብተሩ ከቃለ ጉባኤው ጋር ለኮሚቴው ይቅረብ፤ ከሒሳቡ ሪፖርትም በፊት ይነበብ።

ከሻይ ዕረፍት በኋላ በየሀገረ ስብከታችሁ ተከፋፍላችሁ ትቀመጣላችሁ። እያንዳንዱ አጥቢያ አሁን በግንባታ ላይ ያለውን ሥራ፣ በላዩ ያሉትን ሠራተኞች ብዛትና የቀጣዩን ክብረ በዓል ቀን በወረቀት ጽፎ ይዞ ይምጣ፤ በዓሉ ከቀረበበት አጥቢያ እንጀምራለን።